የደሳለኝ ሌንስ

የካቲት 9 ቀን 1975 ዓ.ም.፣ ባሕር ዳር

ባለቤቴ አስቴር ጣና ዳር የተነሳችውን ጉርድ ፎቶ ዛሬ አሳየችኝ። ያነሳት ጓደኛዬ ደሳለኝ ነው። በአሮጌው የሩሲያ ካሜራው ላይ የጃፓን ሌንስ በብረት ቀለበት አያይዞበታል። ሽፋሽፍቷ ሳይቀር ጥርት ብሏል። «አንተ አንስተኸኝ እንዲህ አምሬ አላውቅም» አለችኝ። ቅናቱ አንገበገበኝ።

ከሰዓት ሌንሱን ልሞክረው ደሳለኝ ዘንድ ሄድሁ። በካሜራው ወደ ሐይቁ ባይ፣ ታንኳውም ደሴቱም ጉም ሆነብኝ።

«ቀለበቱ ስለወፈረ ሩቁን አያጠራም» አለኝ። «ከክንድ የራቀ ሁሉ ይደበዝዛል። ሰውየው አፍንጫ ሥር ካልቆምህ አይሆንም።»

ቤት ስመለስ አስቴርን «ደሳለኝ ሲያነሳሽ የት ቆሞ ነበር?» አልኋት።

«ራቅ ብሎ ነዋ፣ ከዋርካው ሥር» አለች፣ ቀና ሳትል።

ፎቶውን አንስቼ ጥርት ያለውን ሽፋሽፍቷን ደግሜ አየሁት።