ሳይነግሩን የሄዱት ሲስተር ዋጋነሽ ደበላ

ሲስተር ዋጋነሽ ደበላ ከአባታቸው ከአቶ ደበላ ሂርጳና ከእናታቸው ከወይዘሮ ደሜ ጫላ በ1929 ዓ.ም. አስኮ ተወለዱ። አባታቸው ለሴት ልጅ ፊደል ምን ይበጃታል የሚለውን ሁሉ እንዳልሰሙ አልፈው ትምህርት ቤት አስገቧቸው። በ1946 ዓ.ም. የነርስነት ትምህርት ጀምረው ከሦስት ዓመት በኋላ በማዕረግ ተመረቁ።

ከዚያ ወዲህ ቀን በመንግሥት ሆስፒታል ሲሠሩ ውለው ማታ ቤታቸው ቢገቡም፣ የኮልፌ ሰው አያሳርፋቸውም ነበር። የማን ልጅ አተኮሰው፣ ማንን ምጥ ያዛት፣ የሚንኳኳው የእሳቸው በር ነው። እጃቸው አያምም ስለሚባል መርፌ የታዘዘለት ሁሉ እሳቸውን ካላገኘ አይወጋም። እስላም ክርስቲያን ሳይሉ ሁሉም ቤት ገብተዋል።

በ1951 ዓ.ም. አናጢውን አቶ ወዬሳ በዳዳን አግብተው ዘመነችንና ጉልላትን ወለዱ። ልጆቻቸውን አዝለውም አስከትለውም ሥራቸውን ያላቋረጡ፣ ማታ ደግሞ አጠገባቸው ቁጭ ብለው የሚያስጠኑ እናት ነበሩ። በ1956 ዓ.ም. ጉልላት ከተወለደ በኋላ ግን ውሃ ጥም አላስቀምጥ አላቸው፤ ሰውነታቸውም ከሳ። ሲመረመሩ የስኳር በሽታ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ጀምሮ በየቀኑ ኢንሱሊን ራሳቸውን ይወጉ ነበር። መርፌ ሲቀቅሉ ያየ ጎረቤት ለበሽተኛ የሚያዘጋጁ ይመስለው ነበር።

ሕመማቸውን ከባለቤታቸውና ከነፍስ አባታቸው በቀር የሚያውቅ አልነበረም። አቶ ወዬሳ «ንገሪያቸውና ይውጣልሽ» ባሏቸው ቁጥር መልሳቸው አንድ ነበር፦ «የታመመች ነርስ ዘንድ ልጁን ማን ያመጣል? ነገስ ዘመነችን ማን ያጫታል? ከዘራቸው ነው አይሉም?»

እኛም አላወቅንም። በየድግሱ በሞቴ፣ አፈር ስሆን እያልን አጎረስናቸው፤ ብርዝ ቀዳንላቸው። እምቢ ሲሉ ኮሩብን፣ የተማሩ ናቸውና ናቁን ብለን አማናቸው። አንዳንዴ እኛን ላለማስቀየም ይጎርሱና ቤታቸው ገብተው ይታመሙ ነበር። ይህንን ከአቶ ወዬሳ የሰማነው አሁን ነው፤ ምነው ቀድመን በሰማን ኖሮ!

በያዝነው ዓመት መስከረም ዘመነችም በዚያው በሽታ መያዟ ታወቀ። ለራሳቸው ያላለቀሱት ሲስተር ለልጃቸው አለቀሱ። የራሳቸውን ቢደብቁም የእሷን ደብቀው መዝለቅ እንደማይሆንላቸው አወቁ። ለፋሲካ እያንዳንዱ ቤት ልጅቷን ሊያጎርስ ነውና፣ በዓሉ ሳይደርስ ለዕድርተኛው ሁሉ ሊናገሩ ቆርጠው ነበር።

ዓርብ መጋቢት 14 ቀን 1965 ዓ.ም. ጠዋት ኢንሱሊናቸውን እንደ ተወጉ፣ ቁርስ ሳይቀምሱ፣ የጎረቤታቸው የወይዘሮ ዙቤዳ ልጅ ዙሀራ ምጥ ጠናባት ተብለው ተጠሩና ብድግ ብለው ሄዱ። ምጡ እስከ ቀትር ቆየ። ወይዘሮ ዙቤዳ በሌላ ጊዜ እንግዳ ሳያበሉ የሚለቁ ሴት አይደሉም። ያን ዕለት ግን የክርስቲያኑ ሁዳዴ መሆኑን አስበው፣ ለአክብሮት ሲሉ ሻይ እንኳ አላቀረቡም። ሲስተርን ነፍስ አባታቸው ከጾም እንዳሳረፏቸው በምን ያውቃሉ? ሲስተርም በሰው ፊት አልጾምም ማለት አፈሩ። ሐኪሞች እንደሚሉት ደግሞ ስኳር ከደም ሲያንስ መጀመሪያ የሚሄደው ማስተዋል ነው።

ሕፃኑ በሰላም ተወለደ። ወዲያው ሲስተር በላብ ተጠመቁ፤ ንግግራቸው ተዘባረቀ፤ ወደቁ። ምሥጢሩን የሚያውቁት አቶ ወዬሳ አስኮ እንጨት ሊገዙ ሄደው ነበር። ጾሙ አድክሟቸው ነው ተብሎ ውሃ ተረጨባቸው። ገና አፋቸው መቀበል ሲችል ሁለት ማንኪያ ስኳር በውሃ ተበጥብጦ ቢሰጣቸው ይተርፉ ነበር። ስኳሩ እዚያው ቤት ነበር። በታክሲ ሆስፒታል ቢደርሱም ሳይነቁ በተወለዱ በ36 ዓመታቸው እሑድ መጋቢት 16 ቀን ዐረፉ። ወይዘሮ ዙቤዳ ከዚያን ዕለት ጀምሮ ራሳቸውን እየወቀሱ ነው። ይተዉት፤ ያደረጉት ሁሉ ከክብር የመጣ ነው።

ሲስተር ዋጋነሽ እናታቸውን፣ ባለቤታቸውንና ሁለት ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። ከነገ ጀምሮ እዝን ይዛችሁ ወደ ቤታቸው ትመጣላችሁ። እሳቸው ሊናገሩ ያሰቡትን እኛ በመቃብራቸው አጠገብ እንናገራለን፦ ዘመነች የስኳር ሕመምተኛ ናት። አልበላም ስትል በሞቴ አትበሏት። ስትንቀጠቀጥና ሲያልባት ካያችሁ ግን ጾምም ይሁን ፍስክ፣ ቶሎ ስኳር ስጧት።

የስንቶቻችንን ልጆች በእጃቸው የተቀበሉትን የሲስተር ዋጋነሽን ነፍስ እግዚአብሔር በምሕረት እጁ ይቀበልልን። ዘመነችን ግን ለአባቷ ያቆይላቸው።