ማሪኝ ያላለች ተበዳሪ

አሶሳ፣ ጥር 1987 ዓ.ም.

ውድ እህቴ አስረሳሽ፣

አስቀድሜ ጤናሽን መጠየቅ ነበረብኝ፤ ግን እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ ነው የተቀመጥኩት፣ ሰላምታው ይቆየን። በማታ ትምህርት ፊደል ያስቆጠርሽኝ አንቺ ነሽ። ዛሬ በዚያው ፊደል ልቆጣሽ ነው። አትቀየሚኝ፤ ብትቀየሚኝም ጨርሰሽ አንብቢው።

ነገሩ የሀምዲያ ነው። ወደ አዲስ አበባ ከመዛወርሽ በፊት ሦስት መቶ ብር ስታበድሪያት ትዝ ይልሽ የለ? ክልል ሆንን ተብሎ አሶሳ ላይ በየሳምንቱ አዲስ ቢሮ የሚከፈትበት፣ ከየአገሩ የመጣው ሠራተኛ ቁርስ የሚቀምስበት አጥቶ የሚንከራተትበት ሰሞን ነበር። "ሻይ ቤት ልክፈት" አለችሽ። ወለድ በእኛ ሐራም ነው ስትልሽ "ወለድ ማን ጠየቀሽ!" ብለሽ ሳቅሽ። ገበያው ዳር ማንጎው ሥር ተቀምጠን እኔ ዋስ ሆንኩ፤ ከኩርሙክ ስኳር የሚያመጣው ነጋዴ ባቢከር ምስክር ሆነ። ያን ቀን የወደድኩሽን ያህል እናቴንም የወደድኳት አይመስለኝም።

ሠራች እኮ፣ አስረሳሽ። ገንፎዋ ስም አወጣ፤ የቢሮ ኃላፊ ሳይቀር አግዳሚ ወንበሯ ላይ ተጣቦ ይበላል። ስኳሩን ባቢከር በዱቤ ይሰጣታል፣ እሷም ሸጣ ትከፍለዋለች። ያንቺን ብር በጨርቅ ቋጥራ እየጨመረች እየጨመረች ሞላላት። "ገንዘብሽ ደርሷል፣ በማን እንላክልሽ?" ብዬ የጻፍኩልሽ እኔው ነኝ።

መልስሽን የጭነት መኪና ሹፌሩ ፈየራ ሀምዲያ ሻይ ቤት ሲያመጣው እኔ ገበያ ሽንኩርቴን እየሸጥኩ ነበር። እሷ እስክመጣ መታገሥ አቃታት። ደንበኛዋ ለሆነው ለቢሮው ጸሐፊ ለቸሩ ሰጠችውና "ጮክ ብሎ ያንብብ፣ ሰው ሁሉ ይስማ" አለች። ልታስመሰግንሽ! ቸሩም ጮክ አለ፦ "ምስኪኗ ሀምዲያ፣ ብድሩን ምሬሻለሁ፤ ልጆችሽን አሳድጊበት።"

እኔ የደረስኩት ተነቦ ካለቀ በኋላ ነው።

"ሰገነት፣" አለችኝ፣ "ምስኪን በእኛም ቋንቋ አለ። እኔ ለማኝ ነው? እኔ ብድር ጠየቀ፣ ሰደቃ አልጠየቀም።"

ቋጠሮውን ፈትታ ብሩን እዚያው ለነበረው ለባቢከር አሳየችው። እሱ አላየውም፤ ወደ እኔ ዞረ።

"ገንዘብ ያለው ይከፍላል፣ ሰገነት። የሌለው ነው የሚማረው" አለ። "እኔ ሲሰጥ አየሁ፣ ሲመለስ አላየሁም።"

ከዚያ ቀን ወዲህ ስኳር በእጅ በእጅ ሆነባት። እሱን አይተው እንጨት ሻጯም ዱቄት ሻጩም ዱቤ ከለከሏት። "ያቺ ዕዳዋን የተማረችው" ይሏታል፣ ስትሰማ። ትናንት ሻይ የጠጣው ሰው የወትሮውን ግማሽ አይሆንም። ቋጠሮውን ግን አልነካችም። "ከዚህ ወስደሽ ስኳር ግዢ" ብላት "የሰው ነው" ብላ አፈጠጠችብኝ።

አንጀቴ አርሯል። ደግነትሽን አውቀዋለሁ፣ እሱም ነው የሚያናድደኝ፤ ክፉ ብትሆኚ ተሳድቤ እገላገል ነበር። እኔ በሰባ ሰባት ከወሎ መጥቼ በሰልፍ ስንዴ የተቀበልኩ ሴት ነኝ። ነፍሴን አትርፎኛል፣ አልክድም። ግን የሰፈረልኝ ሰው ቀና ብሎ አላየኝም፤ "ቀጣይ!" ነው ያለኝ። አንቺ ሀምዲያን አይተሻት ነበር። "ትከፍላለች" አልሽ፣ እሷም በዚያ ቃል ቀጥ ብላ ቆመች። እሱን ነው መልሰሽ የወሰድሽባት። ደግሞስ ስትምሪያት ዋሷን ምነው አንድ ቃል ሳትጠይቂ? ለእሷ ያ ብር የሰው ነው፤ የሰው ወርቅ አያደምቅ ሲባል አልሰማሽም?

ይኸው ሦስት መቶ ብሩ በፈየራ እጅ መጥቶልሻል። ዛሬ ጠዋት ማንጎው ሥር፣ ባቢከር እያየ ነው ያስረከበችው። እሱ ግን "ባለገንዘቧ ተቀበልኩ ትበል" ብሎ ሄደ። እንዳትመልሺው፤ ፈየራን አስጠንቅቄዋለሁ፣ ብትለምኚውም አይቀበልሽም። ንጹሕ ወረቀት አንሺና "ሀምዲያን አበድሬያት ነበር፤ ገንዘቤን አሟልታ ከፍላኛለች" ብለሽ ፈርሚበት። እግዜር ይስጥልኝ አትበይ፣ አይዞሽ አትበይ፣ ስለ ልጆቿም ምንም አታንሺ። ቸሩ ጮክ ብሎ ነው የሚያነበው።

ለእኔ በሌላ ወረቀት ጻፊልኝ። ናፍቀሽኛል፣ ተናድጄም ናፍቀሽኛል። ግን የእሷን አስቀድሚ፤ ሀምዲያ ስኳሯ አልቋል።

ዋሷ
ሰገነት