ኮርኒሳችን ላይ የሞተችው ሽኮኮ

ለትዕግሥት አባት፣ ለእኔ ዛሬም ባሌ ለሆንከው፤

ከተለየኸን አንድ ክረምት አለፈ፤ ሌላኛውም ደመናውን ሰብስቦ ዳሞታ ተራራ ላይ ቁጭ ብሏል። እኛ ደህና ነን፤ ቤቱ ግን ገና ይገማል። በናፍቆት ልጀምርልህ ነበር፣ አፍንጫዬ አልፈቀደልኝም።

ነገሩ የሽኮኮዎችህ ነው። ከአቮካዶው ዛፍ ወርደው በረንዳ ድረስ ሲመጡ ቅቅል በቆሎ የምትወረውርላቸው አንተ ነበርክ። "እዪ፣ እንደ ሰው እኮ ነው በእጃቸው የሚበሉት!" ትለኛለህ። እኔ ደግሞ አይጥ ጅራቷን ስላበጠረች ሌላ እንስሳ አትሆንም እልህ ነበር። ትስቅብኛለህ።

አንተ ስትሄድ የሚያጎርሳቸው አጡና ራሳቸው ገቡ። አቮካዶውን አንዱንም አይጨርሱም፤ ሁሉንም ነካክሰው፣ በምራቃቸው አርሰው ይጥሉታል። የልብስ ሳሙናዬን በሉ። ሳሙና! ከዚያ በጣራው ጠርዝ ሾልከው ኮርኒሱ ውስጥ ሰፈሩ። እዚያ በማዳበሪያ ከረጢት ሰፍተህ ነጭ ቀለም የቀባኸው ኮርኒስ ላይ ሸኑበት። ሳሎኑ መሃል ቢጫ ካርታ ወጣ፤ በየቀኑም ድንበሩን ያሰፋ ጀመር።

ወንድምህ ማርቆስ ይህን ሲያይ ተናደደና የአይጥ መርዝ በበቆሎ ለውሶ ጣራው ሥር አስቀመጠ። "በልተው ውጭ ሄደው ነው የሚሞቱት" አለኝ። አልሄዱም። አንዷ ከሶፋው በላይ፣ ልክ እንግዳ የምናስቀምጥበት ቦታ ላይ ሞተች። መጀመሪያ ያልታጠበ ካልሲ መሰለኝ። እየቆየ ግን ሽታው ምላሴ ላይ ሁሉ ተቀመጠ። ማርቆስ ሊያወጣት መሰላል ላይ ወጥቶ፣ አንገቱን በቀዳዳው እንዳስገባ ተመልሶ ወረደ፤ ጓሮ ሳይደርስ ምሳውን አስመለሰ።

በማግስቱ ደግሞ የትዕግሥት ሽማግሌዎች የሚመጡበት ቀን ነበር። ልጁ ያ የቤሌ ከተማው አስተማሪ ነው፤ በሕይወት ሳለህ አንዴ አይተኸው ወደኸው ነበር። ቀኑን እናዛውር ብል ትዕግሥት አለቀሰች፣ አልፈለጉንም ይላሉ ብላ። ስለዚህ ቤቱን ሙሉ ሽቶ ረጨሁበት። ሽቶውና ጥንቡ ከልጃችን ቀድመው ተጋቡ።

ሽማግሌዎቹ መጥተው ተቀመጡ፤ ባንተ ቦታ ማርቆስ ተቀመጠ። ትልቁ ሽማግሌ አቶ ዳና ነጭ ጋቢያቸውን አስተካክለው መናገር እንደጀመሩ፣ ከኮርኒሱ አንድ ወፍራም ትል ጋቢያቸው ላይ ወደቀ። ከዚያ ሌላ ተከተለ። እኔ አየሁ። ትዕግሥትም በመጋረጃው በኩል አየች። እሳቸው በሁለት ጣታቸው አንስተው ወለሉ ላይ ጣሉና ቀና ብለው "ምን ሞቶ ነው?" አሉ።

ማርቆስን ላብ አጠመቀው። "ሽኮኮ ነው" አልኩ።

"የማን ሽኮኮ?"

"የባሌ።"

የልጄን ጋብቻ ያስቀረሁባት መሰለኝ፤ ስለዚህ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ በቆሎውን፣ እንደ ሰው ነው የሚበሉት የምትለውን፣ መርዙን። አቶ ዳና ሰምተው ሲጨርሱ፣ ፊታቸውን ሳይለውጡ፣ "እንግዲያው በአባትየው በኩልም ተወካይ አለ ማለት ነው። ጥያቄያችን የቀረበው ወገን ሁሉ ባለበት ነው" አሉ።

አንዱ ሽማግሌ በሳቅ ፈነዳ፣ ከዚያ ሁሉም። እኔም ሳቅሁ። አንተን ከቀበርኩ ወዲህ እንዲያ ስቄ አላውቅም። ሳቁ መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረብኝ፤ ማንም ዝም በይ አላለኝም።

ከዚያ አቶ ዳና ጋቢያቸውን አውልቀው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ከማርቆስ ጋር ኮርኒሱን በቢላ ቀደዱት። ሽኮኮ የሚመስለው ጅራቷ ብቻ ነበር፤ የቀረው ሾርባ ሆኗል። ሶፋውን አቃጠልነው። "እሺ" የሚለውን መልስ አቮካዶው ሥር ቆመን ሰጠናቸው፤ ቁርጡም እዚያው ቀረበ። እኔ መንካት አልቻልኩም። አቶ ዳና ግን በዳጣ እያጠቀሱ ሁለት ጊዜ አስጨመሩ። ሠርጉ ለጥር ነው።

ማርቆስ ዛፉን ከሥሩ ካልቆረጥኩ ብሎ ነበር። ጣራው ላይ የተዘረጋውን ቅርንጫፍ ብቻ አስቆረጥኩትና ቀዳዳዎቹን በሽቦ አስደፈንኩ። ለእነሱ አዝኜ አይምሰልህ። ጠዋት ጠዋት የተረፉት ግንዱ ላይ ተሰቅለው ሲያዩኝ ዛሬም ያቅለሸልሸኛል። ግን ዛፉን የተከልከው አንተ ነህ፤ አንተም ሌላ የምቆጣህበት ነገር አልተውክልኝም።

ሰው ሲሞት ደግ ደጉ ብቻ ይወራለታል። እኔ ግን ሳላሳምርህ ነው የማስታውስህ፤ ቤቴን ለአይጥ ዘር የከፈትክ፣ ስቆጣህ የምትስቅብኝ፣ የማትሰማ ሰው። የልጅ ልጆቻችን ሲጠይቁኝም እንዲሁ እነግራቸዋለሁ። አንዱንም አላስቀርም።

አሁንም እጇን እየታጠበች ያለችው ሚስትህ