ለእድራችን ዳኛ፦ ድንኳናችንን ሸጠው ስለገዙልን ግራፊክስ ካርድ

አያስፈልግም! የሞተ ሰው ፎቶ ለማተም ለብቻው የሚገጠም ግራፊክስ ካርድ አያስፈልግም፤ አስፈልጎም አያውቅም። ማንም እንዳልጠየቀኝ አውቃለሁ። እርስዎ በስብሰባው ላይ "አስተያየት ያለው?" ብለው አፍዎን ሳይገጥሙ "የለም፣ ጸድቋል" ስላሉ፣ ያኔ ጉሮሮዬ ላይ የቀረውን ዛሬ ልትፋው ነው።

ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሰላምታውን ዘለልኩት። ለተከበሩ የእድራችን ዳኛ ለአቶ አባይነህ፣ ለቡ መብራት ኃይል። ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ወገብዎ፣ ዓይንዎ፣ በተለይ ያ ማውዝ የሚይዘው ክንድዎ ደህና ነው? ደህና ያድርግልኝ፤ እኔ ሳልሰብረው ሌላ ሰው እንዳይቀድመኝ ብዬ ነው።

አንደኛ፤ ስለ አርቆ አሳቢነትዎ አመሰግናለሁ። ኮምፒውተሩ ሲገዛ የዕቃ ግዢ ኮሚቴ ነኝና ላፍቶ ኮምፒውተር ሻጩ ሱልጣን ሱቅ አብሬዎት ነበርኩ። ሱልጣን በሚገባን አማርኛ ነገረን። "ሥራችሁ የአባል ስም መመዝገብ፣ የቀብር ማስታወቂያ መጻፍ፣ ፎቶ ማሳመር፣ ሲደክማችሁ ቪዲዮ ማየት ከሆነ ግራፊክሱ ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የተሠራው ይበቃችኋል። ለብቻው የሚገጠመው ከባድ ጌም ለሚጫወት፣ ፊልም ለሚያቀናብር ነው፤ መብራት ይበላል፣ ይግላል፣ ኃይል የሚሰጠውን ፓወር ሰፕላይም ቀይሩልኝ ይላል" አለን። እኔ እሺ ብዬ ቦርሳዬን አነሳሁ። ያን ቀን አብሮ የተሠራውን ገዝተን ወጣን። እርስዎ ግን የሀና ማርያሞቹ እድር ካርድ ያለው ኮምፒውተር አለው ሲባል ሰምተው "የእኛ እድር ከማን ያንሳል?" አሉ። ከማንም አያንስም ነበር፣ ጌታዬ። አሁን ግን ድንኳን ካለው ሁሉ ያንሳል።

ሁለተኛ፤ ትልቁን ድንኳን ሳንሰማ ለሠርግ ዕቃ አከራዩ ለኤልዳድ ሸጠው ካርዱን ስላስገጠሙልን እግዜር ይስጥልን። ውለታዎን በዘበኛችን በቀጄላ ለቅሶ ላይ አየነው። ሐምሌ ነበር። ትንሿ ድንኳን ቄሶቹን እንኳ አልበቃችም። የሟች ሚስት በባሏ ለቅሶ ራሷ ላይ ፌስታል አድርጋ ተቀመጠች። ጎረቤታችን ሙፊዳ ለለቀስተኛው ያመጣችውን ንፍሮ ጎርፍ ይዞት ወረደ። እውነቱን ለመናገር የቀጄላ ፎቶ በጣም ጥርት ብሎ ነበር፤ ዝናቡ እስኪያጥበው።

ሦስተኛ፤ ስለ ትጋትዎ። ኮምፒውተሩ "ለደህንነቱ" ተብሎ እርስዎ ሳሎን ገብቷል። ባለፈው ቅዳሜ ብቅ ብል፣ ስድሳ ያለፈዎት፣ የልጅ ልጅ ያቀፉ ሰው ጆሮዎ ላይ ማዳመጫ ደፍተው ስክሪኑ ላይ ጫካ ውስጥ ሰው በጥይት ሲቆሉ አገኘሁዎት። የኮምፒውተሩ ማራገቢያ እንደ እህል ወፍጮ ይጮኻል። "ምንድን ነው እሱ?" ብልዎት "ሲስተሙን እየፈተሽኩ ነው፣ እትዬ ብርነሽ" አሉኝ። ከሚፈትሿቸው አንደኛው ራሱ ተቆርጦ ሲንከባለል በዓይኔ አየሁ። የአባላት መዝገብ ይኼን ያህል ደም እንደሚፈልግ አላውቅም ነበር።

የሚቀጥለው ቀልድ የለውም። ባለቤቴን ደምሰውን ሐኪሞቹ "ቤቱ ይሁን" ብለው መልሰውልኛል። ያውቁታል። ድንኳን በተተከለ ቁጥር መሀለኛውን ምሰሶ አቅፎ የሚያቆመው እሱ ነበር፤ በእናትዎም ለቅሶ እሱ ነው ያቆመልዎት። ትናንት ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ሲወርድ ሰምቶ "ብርነሽ፣ ድንኳኑ ተመለሰ?" አለኝ። አልተመለሰም ስለው "እንግዲያው ዝናቡ እስኪያባራ ልታገሣ" ብሎ ሳቀ፤ ሲስቅ ትንፋሽ አጠረው። እኔ አልሳቅኩም። ተነስቼ መዶሻ ፈለግኩ።

ከዚያ ሀና ማርያም ወርጄ ኤልዳድን ለመንኩት። ድንኳኑን ቀዶ የበረንዳ ጥላ ሊሰፋው ነው፤ እስከ ነገ ከመጣችሁ ግን በገዛሁበት ውሰዱት ብሏል። ሱልጣንም ካርዱን መልሼ ወስጄ ገንዘባችሁን እሰጣችኋለሁ ብሏል። የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት፤ "ካርዱ ከወጣ ኮምፒውተሩ ይታወራል" እያሉ ሰው ያስፈራራሉ። አይታወርም! አብሮ የተሠራው ግራፊክስ እዚያው ውስጡ ቁጭ ብሏል። የስክሪኑን ገመድ ከካርዱ ነቅሎ ከጎኑ ካለው ከማዘርቦርዱ ቀዳዳ መሰካት ነው፣ አለቀ። ስም ይመዘገባል፣ ፎቶ ይታያል፣ ማስታወቂያ ይታተማል። የሚቋረጠው የእርስዎ ጦርነት ብቻ ነው።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና እለምንዎታለሁ፣ ካርዱን ዛሬ ያስረክቡ። እምቢ ካሉ ማዳመጫውን ከነጆሮዎ እነቅለዋለሁ፤ ማውዙን አንገትዎ ላይ አስሬ እንደ በግ እየጎተትኩ መንደሩን አዞርዎታለሁ፤ ያን ጫካ ውስጥ የሚተኩሱበትን ጣት በመዶሻ አድቅቄ እልክልዎታለሁ። ካርዱን ግን ጫፉንም አልነካው፤ እሱ ድንኳን ነው።

ዕድሜዎን ያርዝምልን፣ ቢያንስ እስከ ማታ።

ሁልጊዜ አክባሪዎ፣ ከዛሬ ጀምሮም ጠላትዎ፣
ብርነሽ፣ የደምሰው ሚስት

የረሳሁት፦ እርስዎም የሚሞቱበት ቀን አለና አያስቡ፤ ፎቶዎን በትልቁ አሳትሜ ለቀስተኛው ራስ ላይ እዘረጋዋለሁ፣ ከዝናብ ካስጣለ። ሌላም ነበረኝ፣ ግን ሱልጣን ካቻቢቴውን ይዞ በር ላይ "እማማ ብርነሽ፣ ይውጡ እንጂ!" እያለ ነው። ሙፊዳና ሴቶቹም አብረውት ቆመዋል። ወደ እርስዎ ነው የምንመጣው። እንዳንኳኳን ይክፈቱ፤ ደምሰው ከጠዋት ጀምሮ ሻይ እንኳ አልቀመሰም።