ከእኔ አብልጣ የምታስታውስህ ሴት

ግርማዬ፣ አፈሩ ይቅለልህና፣ ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ዛሬ የምጽፍልህ ናፍቀኸኝ ብቻ አይደለም፤ ተናድጄብህም ነው። በሰባ ዓመቴ ቀናሁ።

ባለፈው ክረምት ከቀፊራ ገበያ ሽንኩርት ገዝቼ ስመለስ የቤታችን መንገድ ጠፋኝ። ባለ ባጃጁ "እማማ፣ የት ላድርስዎት?" ሲለኝ የሰፈሬን ስም መጥራት አቃተኝ። ልጃችን ሕይወት ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ሐኪሙ ማስታወሴ ትንሽ እንደደከመ፣ ገና እንዳልከፋ ነግሮኝ ከዚራ ሰፈር ወዳለ የአረጋውያን የማስታወስ ልምምድ ላከኝ። ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ስምንት ሰዎች ሆነን እንሰበሰባለን። አስተማሪዋ የገበያ ዕቃ ትጠራና በሐሳባችን ቤታችን ውስጥ እንድናስቀምጠው ታደርገናለች፤ ጨው አልጋ ላይ፣ ሎሚ መስኮት ላይ። ቲማቲሙን ያንተ ወንበር ላይ ሳስቀምጥ በልቤ ይቅርታ ጠየቅሁህ።

አንድ ሐሙስ የወጣትነታችንን አንድ ቀን ከነመልኩ ከነድምፁ እንድንነግራት ጠየቀችን። አጠገቤ የምትቀመጠው ዘይነባ ጀመረች። የቅመም ነጋዴ ልጅ ናት፤ ባሏ ሞቶባታል። የባቡር ወርክሾፕ ሠራተኛ የሆነ ልጅ ከዚራ ዛፎች ሥር ብስክሌት እንዳስተማራት አወራች። ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍን ነበር፣ ግራ አውራ ጣቱ ላይ የብየዳ ጠባሳ ነበረው አለች። አባቷ ሰምተው እስኪከለክሏት ሦስት ወር አብረው ቆዩ። ስምህን ስትጠራ አንተ መሆንህን አወቅሁ።

የቀናሁት በወጣትነትህ ሴት ስለወደድክ አይደለም። ያቃጠለኝ፣ ጠባሳው በየትኛው እጅህ እንደነበር ረስቼው ነበር! አርባ አንድ ዓመት በዚያ እጅ ላይ ውኃ ያፈሰስኩት እኔ፤ የምታስታውሰው እሷ።

ሁለት ሳምንት ሆዴን አመመኝ ብዬ ቀረሁ። ቤት ተቀምጬ ሳቅህን ወደ ጆሮዬ ላመጣው ብል እምቢ አለኝ። ፎቶህ ይስቃል፤ ድምፅ የለውም። ያኔ ፈራሁ። ማክሰኞ ተነስቼ ሄድኩና "ዘይነባ፣ ያ ልጅ ለአርባ አንድ ዓመት ባሌ ነበር" አልኳት።

ደነገጠች። "ወላሂ አላወቅሁም፣ እህቴ። እኔ ጋ ያለው ሦስት ወር ነው፤ አርባ ዓመቱ ያንቺ ነው። እስቲ ንገሪኝ" አለችኝ።

ልነግራት አልፈለግሁም ነበር፤ ግን ጀመርኩ። ሕይወት የተወለደች ዕለት ከጥድፊያህ የተነሳ የማይመሳሰሉ ጫማዎች አድርገህ እንደመጣህ፣ ነርሷ ስትስቅብህ አንተም አብረሃት እንደሳቅህ ነገርኳት። መሐል ላይ ሳቅህ መጣልኝ፤ እንደ ሳል ተጀምሮ ሽቅብ የሚወጣው። ዘይነባ ይህን አታውቅም ነበር። ደስ አለኝ፣ አልዋሽህም።

አሁንም ስላንተ ስታወራ ፊቷ ሲበራ እቀናለሁ። ቢሆንም አጠገቧ እቀመጣለሁ። አልረሳህም ብዬ አልምልልህም፤ ጭንቅላቴ ቃሌን ይጠብቅልኝ እንደሆነ አላውቅም። የምምልልህ፣ እስከቻልኩ ድረስ በየቀኑ ከኑሯችን አንዷን ቀን ለሕይወት እነግራታለሁ። እኔ የጣልኩህ ዕለት እሷ ታነሳሃለች።

ለዘይነባ ግን ሁሉንም አልነግራትም።

ሚስትህ አስካለ