ስለ ላክህልኝ የደም ምርመራ ወረቀት

ውድ ጁነዲን፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ ሲጀመር እንዲህ ስለሚባል ነው፤ አትኩራራ። በድምፅ ልመልስልህ ብል ፉጣ ሰፈር ያለው ክፍላችሁ ውስጥ ስድስታችሁም ተሰብስባችሁ እንደምትሰሙት አውቃለሁ። ስለዚህ በእጄ ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ እልክልሃለሁ። ከቻልክ ብቻህን አንብበው።

ሰኞ መልእክትህ ሲመጣ ልብስ እየተኮስኩ ነበር። ዘጠኝ ወር ሙሉ ስልክህን ዘግተህብኝ ኖረህ ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ? «ሀያት እህቴ፣ ወላሂ ጨንቆኛል። አሠሪዬ ከፊሉ ለሥራ አስመርምሮኝ የደሜ ቁጥር በቀይ ወጣ። ሜዲካል ወድቄያለሁ። ሐሙስ ወረቀቱን ሊያይ ይመጣል፤ ሳያገኘኝ ልጥፋ ወይ?» እህቴ! ኒካሕ ልናስር ቀን የቆረጥን ሰዎች ነበርን እኮ። ሲጨንቅህ እህትህ ሆንኩ።

እኔም አንድ ጊዜ በቀይ የወጣ ቁጥር ልኬልህ ነበር። እዚሁ ዑረይጃ ደረጃ ስወለውል ራሴን ስቼ ወድቄ፣ ማዳም ክሊኒክ የወሰደችኝ ቀን። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ከአንተ ሌላ ማንን ልጠይቅ? አንተ ደግሞ የምታውቀው ምርመራ ከአገር ስንወጣ ያለፍንበትን ብቻ ነው፤ ወይ ታልፋለህ ወይ ትወድቃለህ። የእኔንም በዚያው ለካኸው። ወረቀቴን ለክፍልህ ሰው ሁሉ አዙረህ አሳይተህ፣ በማግስቱ «ወድቀሻል፣ ደምሽ ተበላሽቷል፣ ኸላስ፣ አበቃ» አልከኝ። ከዚያ ብደውል ብደውል አላነሳህም። ወሬው ሱወይዲ ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራው ኑርያ ጆሮ ሳይቀር ገባ። ማዳሜ ጋ ቢደርስ ኖሮ ወደ አገር ትጠርዘኝ ነበር። ሐኪሟ ያዘዘችልኝን ኪኒን እንኳ አልዋጥኩም፤ ለሚሞት ሰው ኪኒን ምን ያደርግለታል ብዬ። ሦስት ወር ሙሉ ማልቀሻዬ የሽንት ቤቱ በር ጀርባ ነበር።

ከዚያ ደግሜ ራሴን ስቼ ወደቅሁ። ሐኪሟ ሱዳናዊት ናት። ኪኒኑን እንዳልወሰድኩ ስትሰማ ተቆጣችኝ፤ ምክንያቴን ስነግራት ደግሞ ወንበሯን ስባ አጠገቤ ተቀመጠችና ወረቀቱን መስመር በመስመር አስረዳችኝ። ክፍልህ ውስጥ ካሉት ሊቃውንት አንዱም ያላሰበውን ነው ያደረገችው፤ ጠየቀችኝ። የወር አበባሽ ይበዛል ወይ? ምን ትበያለሽ?

አንተም ስማ። ቀይ የደም ሴል ከሳንባ አየር ተቀብሎ ለሰውነት የሚያደርስ ነው። ወረቀቱ ላይ ያንተ ቁጥር አለ፣ ከጎኑ ደግሞ ከስንት እስከ ስንት ቢሆን ጤነኛ እንደሆነ የሚናገር ወሰን አለ። ቀይ ቀለሙ ቁጥርህ ከወሰኑ ወጥቷል ይላል፣ በቃ። ለምን እንደወጣ አይናገርም፤ ያንን የሚፈልገው ሐኪም ነው። የእኔ 3.4 ነበር፣ ለሴት አነስተኛ። ደም ይፈሰኛል፣ ምግቤም የተረፈ ሩዝ ነበር፤ ብረት አንሶኝ ነው። ኪኒኑን መዋጥ በጀመርኩ በአራተኛው ወር 4.5 ገባ። እንግዲህ አንተ እግሬ አውጪኝ ብለህ የሸሸኸው ከብረት እጥረት ነው። ጀግና!

ያንተ 6.2 ነው። ለወንድ ከፍ ያለ ነው፣ ግን ወሰኑን ያለፈው በትንሹ ነው። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ብሎኬት ስትደረድር ውለህ፣ ውሃ ሳትጠጣ ደም ከሰጠህ ከፍ ሊል ይችላል። ሲጋራህና ሺሻህም ከፍ ያደርጉታል። ሌላ ምክንያትም ሊኖረው ይችላል፤ እኔ እንዳንተ ወረቀት አይቼ አልፈርድም። ውሃ ጠጣ፣ ሐኪሙን ጠይቀው፣ ምርመራውን ይድገምልህ። ከከፊልህ ጠፍተህ የመኖሪያ ፈቃድህን፣ ኢቃማህን፣ በገዛ እጅህ አታበላሽ። ንቄሃለሁ፣ ይህንን ሳልደብቅ ልንገርህ፤ ግን በፖሊስ፣ በሹርጣ፣ ታድነህ ስትያዝ ማየት አልፈልግም።

አንድ ነገር ደግሞ ልናዘዝልህ። መልእክትህን ያየሁት ሰኞውኑ ነው። ስልኬ አልተበላሸም፣ ሥራም አልበዛብኝም። የሚያስጠፋ ነገር እንደሌለው ወዲያው ገብቶኛል፤ ግን ትንሽ ይቅመሰው ብዬ ዝም አልኩህ። ትናንት አምስት ጊዜ ደወልክ። ስልኩ ሲጠራ እያየሁ ደስ አለኝ፣ አልዋሽህም። ዛሬ ረቡዕ ጠዋት ስድስተኛውን ስትደውል ግን ሰው በፍርሃት ሲያልቅ እያወቀ ስልክ የማያነሳ ማን ነበር ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። የመጣልኝ ያንተ ስም ነው። ለካ ሁለት ቀን ሙሉ አንተን ሆኜ ኖሬያለሁ።

ሦስተኛውን ቀን አልቻልኩበትም።

ሀያት
ዑረይጃ፣ ሪያድ