ከአሚን በኋላ የተጨመረች ዱዓ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12
የበርበሬ መደቤን አጠጣሁ። ችግኙ አምሯል፣ ማሻአላህ። ደብተሬ፣ አንቺም ማሻአላህ በይ። ከላይ ስካቫተሩ ዛሬም ይጮሃል። የመስኖውን ቦይ እየቆፈረ አፈሩን ማሳዬ አናት ላይ ይከምራል። ዝናብ ሲመጣ ያ ሁሉ አፈር ወዴት ይሄዳል? ወደ እኔ ነዋ! ችግኙን የምተክለው እዚያው ሥር ነው።

ሐሙስ፣ 14
የመስኖ ስብሰባ፣ ት/ቤቱ ግቢ። ኢ/ር ሰለሞን መጣ፣ ከወልቂጤ፣ የመንግሥት ሰው። ጨዋ ልጅ። ሥራው ላይ ምን ስጋት አለ፣ ሁላችሁም ንገሩኝ ይላል። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ማን ክፉ ይጠራል? ምንም የለም፣ አልሐምዱሊላህ፣ አሉ በየተራ። ደጋግሞ ቢጠይቅ ሼህ ኑሪ ተቆጡ፤ «ምነው ልጄ፣ ሟርት ልታስነግረን ነው?» ልጁ ቀላ። ወረቀቱ ባዶ።

መዝጊያው ላይ ሼህ ኑሪ ዱዓ ያዙ። ጉዱ ያኔ! ያ ረብ ከጎርፍ ሰውረን፤ ሲሚንቶውን ከሌባ፤ ስካቫተሩን ከብልሽት፤ የላይና የታች ሰፈሩን በውኃ ከመጣላት፤ ተቋራጩን ሥራ ጥሎ ከመጥፋት። እኛ አሚን፣ አሚን። ልጁ ቀና አለ፣ እስክሪብቶውን አነሳ፣ ይጽፋል! ሳቄን በሻሼ ጫፍ ያዝኩ።

የኔ አፈር ግን አልተጠራም። ሼሁ ዱዓውን ዘግተው ፊታቸውን ሊያብሱ ሲሉ አፌ አመለጠኝ፤ «ያ ረብ፣ የዘይነባን በርበሬ ከአፈሩ ክምር ጠብቅ!»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ከዚያ ሳቅ። «ሴትዮዋ የግሏን ዱዓ ከፈተች!» አለ አንዱ ከኋላ። ሼህ ኑሪ አልሳቁም። አሚን አሉ። ሁሉም ተከተለ። ልጁ፤ «የቱ ጋ ነው፣ እትዬ ዘይነባ?»

ዓርብ፣ 15
ኢ/ር መጥቶ አየ። ክምሩን ረገጠው፣ አፈሩ ከእግሩ ሥር ሸሸ። መነሳት አለበት አለ። የተቋራጩ ገልባጭ መኪና ሲመጣ። ከዝናቡ በፊት ወይ? ብዬ ብጠይቀው ኢንሻአላህ አለኝ። ክርስቲያኑ ልጅ! ሳቅሁ። ኋላ ግን ሳቄ ቀዘቀዘ። እኛም እንቢ ማለት ሲያሳፍረን የምንለው እሷኑ አይደል?

ረቡዕ፣ 20
መኪና የለም። የዘቢዳር ተራራ በደመና ጠቁሯል። ችግኙ ትከሉኝ ይላል።

ቅዳሜ፣ 23፣ ጠዋት
ሌሊቱን ዘነበ። ትንሽ ነው። ከክምሩ አንድ ጋሪ የሚሞላ አፈር ወርዶ ማሳዬ ጫፍ ላይ ተኝቷል። ኢ/ር ደወለ። ሰኞ መኪናው ይመጣል፣ ኢንሻአላህ። አልተቀየምኩትም፤ መኪናው የሱ አይደለ። እኔም ኢንሻአላህ አልኩት።

ስልኩን ዘግቼ ሐዋ ጋ ሄድኩ፣ የባሌ እህት። የሷ መሬት ከቦዩ በላይ ነው። የመስኖው ውኃ አይደርሰውም፣ አፈሩም አይደርሰው። በእኩል ስጪኝ፣ ምርቱን እንካፈላለን አልኳት። «ውኃ እየመጣልሽ ከውኃ ትሸሻለሽ?» ብላ ሳቀችብኝና እሺ አለች።

ዛሬ ችግኙን ወደዚያ አዛውራለሁ። የታቹ መሬቴ እንዲሁ ይክረም። ዱዓዬን ከላዩ አላነሳሁም። መኪናው ከመጣ አልሐምዱሊላህ። ካልመጣ፣ አፈሩ ወርዶ የሚያገኘው ባዶ መሬት ነው።